ከመሪው ወደ መፍቻው፦ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ሙያ ለመማር የተቀመጡ ወገኖቻችን

ማክሰኞ ምሽት ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ በር ላይ ቆመናል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ከየሥራቸው የተለቀቁ ተማሪዎች አንድ በአንድ እየገቡ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ የመዳብ ቱቦ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና የጋዝ መለኪያ ተደርድሯል። አስተማሪው ሠላሳዎቹን ገና የጀመረ ወጣት ነው። ተማሪዎቹም አብዛኞቹ ከሃያ አምስት ዓመት የሚበልጡ አይመስሉም። ከመካከላቸው ግን አንድ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው አሉ። ጥያቄ ሲኖራቸው እንደ ልጅ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ወጣቱ አስተማሪ ሲፈቅድላቸው ይጠይቃሉ፤ መልሱን በደብተራቸው ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቀላቅለው ይጽፋሉ።

እኚህ ሰው ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ስማቸውን እንዳንጠቅስ ስለጠየቁን፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ይጠሯቸው እንደነበረው "መምህር" እያልን እንቀጥላለን። መምህር ዛሬ 54 ዓመታቸው ነው። ሙያቸው ምንድን ነው ለሚል ጠያቂ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ "ተለማማጅ ነኝ" ይላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጉዳይ ለማንሳት ያነሳሳን በየታክሲ ተራው፣ በየፓርኪንጉና በየቡና ቤቱ ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ ነው። "እኔ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር?" የሚለው ጥያቄ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይጠብቅም። ጥያቄው ራሱ "አልችልም" ለማለት የተዘጋጀ ነው። እኛ ግን ለአንድ ጊዜ ያህል ጥያቄውን እንደ እውነተኛ ጥያቄ ወስደን መልስ እንፈልግለት ብለን ተነሳን።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

መምህር አሜሪካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1999 በዲቪ ዕጣ ነው። እንደ ብዙዎቻችን መጀመሪያ ፓርኪንግ ሠሩ። በ2003 የታክሲ መንጃ ፈቃድ አወጡ። "ያኔ ታክሲ ክብር ነበረው" ይላሉ። "ሰዓቴ የራሴ ነው፤ አለቃ የለብኝም፤ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ራሴ አመጣለሁ።"

የዲሲ ታክሲ እስከ 2008 ድረስ የሚያስከፍለው በዞን ነበር። በዚያ ዓመት ዞኑ ቀርቶ ሜትር ሲገባ የብዙ ሾፌሮች ገቢ ተናጋ፤ ቢሆንም ተለመደ። በ2011 መጨረሻ ላይ ኡበር ዲሲ ገባ። መጀመሪያ የሀብታም መኪና ነው ተብሎ ተናቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ማንም ሰው የግል መኪናውን ይዞ በርካሽ መሥራት ጀመረ። በ2020 ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ መጣና ሆቴሉም ኤርፖርቱም ባዶ ሆነ። መምህር ሦስቱንም ማዕበሎች በዚያው መሪ ላይ ተቀምጠው አሳለፏቸው።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው" አሉን። "አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ ሥራዬን አላጣሁም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው የቀነሰው። ስለዚህ ዘንድሮ ይሻሻላል እያልኩ ዐሥር ዓመት ቆየሁ። የሚቆጨኝ ታክሲ መንዳቴ አይደለም፤ ያ ዐሥር ዓመት ነው።"

የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሂሳብ

ውሳኔው የመጣው በ2022 ክረምት ላይ ነው። መምህር 51 ዓመታቸው ነበር። ባለቤታቸው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናቸው። አንድ ሌሊት ሁለቱም ከሥራ ገብተው ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ ባለቤታቸው "ጡረታ እስክትወጣ ስንት ዓመት ቀረህ?" ብለው ጠየቋቸው።

የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ በ1960 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታ የሚያሰጠው በ67 ዓመት ነው። በ62 መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን የወር ክፍያው ለዘለቄታው ይቀንሳል። መምህር ደምረው ቀንሰው ዐሥራ ስድስት ዓመት እንደሚቀራቸው አገኙት። "አራቱን ዓመት ብማርበት ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው የሚተርፈኝ፤ ምን ዋጋ አለው?" አሉ። ባለቤታቸው የመለሱላቸውን ቃል መምህር እስከ ዛሬ አልረሱትም።

"ባትማርስ? አራቱ ዓመት አያልፍም?"

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ በእኛ እምነት እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። ወገኖቻችን ዕድሜያቸውን ሲቆጥሩ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥሩት። ሃምሳ ሞላኝ፣ ሃምሳ አምስት ሞላኝ ይላሉ። ለውሳኔ የሚጠቅመው ግን ወደፊት ያለው ቁጥር ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት አንድ ልጅ ተወልዶ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዘመን ነው።

ስምንት ወር የተደበቀ ትምህርት

መምህር የመረጡት ሙያ እዚህ ኤች.ቪ.ኤ.ሲ. የሚባለውን፣ ማለትም የቤትና የሕንፃ ማሞቂያ፣ አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ ሥራ ነው። በመጸው ወራት የማታ ትምህርት ጀመሩ። ለማንም ግን አልተናገሩም። ለዕድር ጓደኞቻቸውም፣ አብረዋቸው ለሚያስቀድሱትም፣ ለታክሲ ተራ ጓደኞቻቸውም "ማታ ማታ እሠራለሁ" ነበር የሚሉት። ስምንት ወር ሙሉ!

ለምን? ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ "ታክሲ እየነዳሁ መምህር ነበርኩ ማለት እችላለሁ። ታክሲ ጊዜያዊ ነው፤ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው። ቱቦ በያጅ ከሆንኩ ግን በቃ እሱ ሆንኩ ማለት ነው" አሉን።

ይህ ስሜት የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ሻንጣ ነው። በእኛ ባህል ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ሸክላ የምትሠራዋን በምን ዓይን ስናይ እንደኖርን ሁላችንም እናውቃለን። ማረሻውን ከባለ እጁ እየገዛን፣ በሸማኔው ጥበብ እያጌጥን፣ እጃቸውን ግን ንቀናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ የሚያሠሩት አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው ነበር። ዐፄ ምኒልክም ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ተግባረ ዕድም ተከፈተ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም ተከፈተ። ሆኖም ብዙ ቤት ውስጥ "ዶክተር ወይም ኢንጂነር ካልሆንክ" የሚለው ምክር አሁንም አልቀረም። እንግዲህ ያ ምክር በሃምሳ ዓመት ሰው ጆሮ ውስጥ ሲያቃጭል አስቡት።

አገራችን "ሙያ በልብ ነው" ትላለች። መምህር ግን ይህን ተረት እየሳቁ ያርሙታል። "ልብማ ነበረኝ፤ እጄ ነው የጎደለው።"

እንስራና ኮምፕረሰር

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል አልነበሩም። ወጣቶቹ ተማሪዎች መዳቡን አሙቀው፣ ብየዳውን አቅልጠው መገጣጠሚያውን በአንድ ደቂቃ ሲጨርሱ፣ የመምህር ግን ወይ ይንጠባጠባል ወይ ቱቦው ይበሳል። በሚበየድበት ጊዜ ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ካልተለቀቀ ውስጡ ጠቁሮ ይላጣል፤ ያ ቅርፊት ቆይቶ ማሽኑን ይዘጋዋል። መምህር ይህን በቃል ከማንም በፊት ያዙት፤ እጃቸው እስኪታዘዝ ግን ወራት ፈጀ።

ይሁንና አንድ ማታ ነገሩ ተገለበጠ። አስተማሪው ስለ ማቀዝቀዣ ጋዝ ዑደት ሲያስረዳ ክፍሉ ግራ ተጋባ። መምህር እጃቸውን አወጡና "እኛ አገር ውሃ የምናቀዘቅዝበት የሸክላ ዕቃ አለ" ብለው ጀመሩ። እንስራ ያልባል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ኤር ኮንዲሽነርም ይኸው ነው። ማሽኑ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ሙቀት ከቤት ውስጥ አንስቶ ውጪ ይጥላል እንጂ። ፈሳሹ ጋዝ ቤት ውስጥ ባለው ጥቅል ቱቦ ውስጥ ይተንና የክፍሉን ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፤ ውጪ ባለው ጥቅል ቱቦ ውስጥ ሙቀቱን ለቆ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ደሴ ላይ በጥቁር ሰሌዳ ያስተማሩት የግፊትና የሙቀት ሕግ ሁሉ እዚህ በጌጅ ላይ ቁጥር ሆኖ ጠበቃቸው።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ስምምነት ተፈጠረ። መምህር ለወጣቶቹ ንድፈ ሐሳቡን ያስረዳሉ፤ ወጣቶቹ ለመምህር ብየዳውን ያሳያሉ። በኮምፕረሰርና በኤቫፖሬተር መካከል ያለውን ልዩነት በአማርኛ የሚያብራራው ደብተራቸው ዛሬ ከአንድ ተማሪ ወደ ሌላው የሚዘዋወር መጽሐፍ ሆኗል፤ ከእርሳቸው በኋላ የተመዘገቡ ሁለት ወገኖቻችን ፎቶ ኮፒ አድርገውታል።

ሰኔና ሐምሌ ግን ሌላ ፈተና ይዘው መጡ። በ2023 በጋ አንድ ኩባንያ በረዳትነት ቀጠራቸው። ከኮርኒስ በላይ፣ ከጣሪያ ሥር ያለው ሙቀት እንደ ምድጃ ነው። በጉልበት እየዳሁ፣ ላብ ዓይን እያቃጠለ፣ በግንባር መብራት የሚሠራ ሥራ ነው። የሃያ አራት ዓመቱ አለቃቸው "ሄይ፣ ሄልፐር!" ብሎ ይጠራቸዋል። "የመጀመሪያው ሳምንት አርብ ዕለት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የታክሲ ፈቃዴን ልመልስ ብዬ አሰብኩ" አሉን። ያልመለሱበትን ምክንያት ስንጠይቃቸው ሳቁ። "ቅዳሜ ደመወዝ ገባ።"

መንገዱ እንዴት ነው?

እስቲ አሁን ደግሞ ለጠያቂ አንባቢዎቻችን የሚጠቅመውን ዝርዝር እናቅርብ።

አንደኛ፣ ዕድሜ በሕግ እንቅፋት አይደለም። በ1967 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ሠራተኞች በዕድሜያቸው ምክንያት ከሚደርስ አድልዎ ይጠብቃል፤ የተለማማጅነት ፕሮግራሞችም በዚህ ሕግ ሥር ናቸው።

ሁለተኛ፣ እየሠሩ መማር ይቻላል። የተመዘገበ ተለማማጅነት የሚባለው ሥርዓት በ1937 በወጣ ሕግ ላይ የቆመ ነው። ተለማማጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደመወዝ ያገኛል፤ ችሎታው ሲጨምር ክፍያውም ይጨምራል። ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለመሆን የተለመደው 8,000 ሰዓት ሥራ ላይ መለማመድና በየዓመቱ ቢያንስ 144 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መማር ነው። በሙሉ ጊዜ ሲሠራ አራት ዓመት ይሆናል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በማቀዝቀዣ ሙያ የፌዴራል ፈተና አለ። የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚነካ ማንኛውም ቴክኒሺያን የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን የሴክሽን 608 ፈተና ማለፍ አለበት። ሙሉ የምስክር ወረቀት የሚያስገኘው አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 25 ጥያቄ ነው፤ በእያንዳንዱ ቢያንስ 18ቱን መመለስ ያስፈልጋል። ወረቀቱ አንዴ ከተገኘ ጊዜው አያልፍበትም። መምህር ሦስቱን በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ፤ አንዱን ወድቀው ደገሙ። በነገራችን ላይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአዳዲስ የመኖሪያ ቤት ማሽኖች አር 410ኤ የተባለው ጋዝ እንዲቀር ተደርጎ እንደ አር 32 እና አር 454ቢ ያሉ፣ በመጠኑ ተቀጣጣይ የሆኑ ጋዞች እየተተኩ ነው። በመሆኑም ሠላሳ ዓመት የሠራውም አንጋፋ ከአዲሱ ተማሪ ጋር እኩል ተቀምጦ እየተማረ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ። የኮሚኒቲ ኮሌጆች ትምህርት ከግል ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ በብዙ ይረክሳል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሮክቪል ላይ የሙያ ማሠልጠኛ አለው። በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ደግሞ በ2016 የተጀመረው ፋስትፎርዋርድ ተማሪው ከወጪው ሲሶውን ብቻ እንዲከፍል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ግን ተጨማሪ ይከፍላል። ሥራ ያጡ ወይም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች በየአካባቢው ባሉት የአሜሪካን ጆብ ሴንተር ቢሮዎች በኩል የሥልጠና ድጎማ መጠየቅ ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፔል ግራንት የሚባለው የትምህርት እርዳታ በመደበኛ ደንቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው አይሰጥም፤ ዲግሪው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተገኘም ቢሆን ዲግሪ ነው። መምህር ይህን ያወቁት ቅጹን ሞልተው ሲጨርሱ ነው።

ደመወዙስ? የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ ለሜይ 2024 ባወጣው አኃዝ መሠረት የኤች.ቪ.ኤ.ሲ. ሠራተኞች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 59,810 ዶላር፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ደግሞ 62,350 ዶላር ነበር። ግማሾቹ ከዚያ በላይ፣ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኛሉ ማለት ነው። ተለማማጅ ግን ከዚህ ዝቅ ብሎ እንደሚጀምር መዘንጋት የለበትም። ለዚህም ነው መምህር በመጀመሪያው ዓመት ቅዳሜና እሑድ ታክሲያቸውን መንዳት ያልተዉት።

"እማ፣ ትቀልጂያለሽ"

የሴቶች ታሪክ እንዳይቀር አንድ ወይዘሮም አነጋግረናል። የሁለት ልጆች እናት ናቸው፤ ኤርፖርት ውስጥ ሱቅ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ46 ዓመታቸው በኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ተለማማጅነት ለመመዝገብ ተነሱ። የሚፈለገው የሂሳብና የንባብ ፈተና ብቻ አልነበረም፤ በሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ መማራቸውን የሚያሳይ ማስረጃም ጭምር እንጂ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተማሩበት ትምህርት ቤት አዋሳ ነው። ወንድማቸው መዝገብ ቤት ተመላልሶ ትራንስክሪፕቱን አስወጥቶ ላከላቸው። "አልጀብራ ሰማንያ ሁለት እንዳገኘሁ እኔም ረስቼው ነበር" ይላሉ እየሳቁ። ልጆቻቸው መጀመሪያ ሲሰሙ "እማ፣ ትቀልጂያለሽ" ብለው ነበር። አሁን ማታ ማታ የቤት ሥራቸውን ሦስቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ።

ለሁሉም አይሆንም

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ጣፋጩን ብቻ ለማቅረብ አይደለም። በ59 ዓመታቸው አንድ የግል ማሠልጠኛ የገቡ ሌላ ወንድማችንንም አግኝተናል። ትምህርት ቤቱ ሥራ እናስገባለን ብሎ 17,000 ዶላር የሚጠጋ ብድር አስፈረማቸው። ሥራው አልተገኘም፤ ወገባቸውም መሰላል አልቻለም። ዛሬ ተመልሰው እየነዱ ብድር ይከፍላሉ። "ቁጭ ብዬ ባስበው ኖሮ በዚህ ወገቤ ጣሪያ ላይ ልወጣ አልነበረም" አሉን።

ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ጉልበትንና ወገብን ለሐኪም ማሳየት፣ የብድር ውል ፈርሞ ሳይሆን ሳይፈርሙ ማስነበብ፣ ከተቻለም በሙያው ላይ ካለ ሰው ጋር ጥቂት ቀን ውሎ ማየት ይበጃል። ሁሉም ሙያ ጣሪያ አያስወጣም። ቁልፍ ሥራ፣ የማብሰያና የማጠቢያ ማሽን ጥገና፣ የሕንፃ ጥገና የመሳሰሉት ለሰውነት ቀለል ይላሉ። የቸኮለች አፍሶ ለቀመች እንዲሉ፣ መቸኮሉ ዕድሜን አይመልስም።

የተደበቀው ሲገለጥ

መምህር ምስጢራቸውን ራሳቸው አልገለጡትም። ሙቀቱ ነው የገለጠባቸው። ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ኩባንያው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኝ አንድ ቤት ላካቸው። በሩን የከፈቱት የዕድራቸው ሊቀመንበር ነበሩ። አዛውንቱ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው፤ የመሣሪያ ቦርሳውን፣ ስማቸው የተጠለፈበትን ሸሚዝ፣ ላቡን።

"መምህር! እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በሉ ይግቡ፤ ባለቤቴ በሙቀቱ ታማብኛለች።"

አለቃቸው ውጪ ያለውን ማሽን እንዲከፍቱ ፈቀደላቸው። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፉ፤ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ፤ ለኩት፤ ሞቷል። በበጋ ማሽን የሚቆምበት አንዱ የተለመደ ምክንያት ይኸው ነው። አዲሱን ገጥመው ሲያበሩት ማራገቢያው ተሽከረከረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። አዛውንቱ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ግን ተነስተው ያዩትን ሁሉ ለተሰብሳቢው አወሩት።

ከዚያ በኋላ የመምህር ስልክ አላረፈም። "ኩባንያው ብዙ ያስከፍላል፤ ቅዳሜ መጥተህ በርካሽ ሥራልኝ" የሚል ጥሪ በዛ። መምህር ግን ለብቻቸው ሥራ የሚያሠራ ፈቃድ ገና የላቸውም፤ የተለማማጅነት ሰዓታቸውን ጨርሰው የግዛቱን ፈተና እስኪያልፉ መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ "አልችልም፤ ሕግ ነው" ይላሉ። አንዳንዱ "ተኩራራ" ብሎ አምቷቸዋል። እርሳቸው ግን የሠሩትን ሰዓት በየሳምንቱ በዚያው በአማርኛና እንግሊዝኛ ደብተራቸው ላይ እየመዘገቡ ቀጥለዋል።

ከወርክሾፑ ስንወጣ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መምህር የመሣሪያ ቦርሳቸውን መኪናቸው ላይ ጭነው "ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ" ብለው ተሰናበቱን። ከመሄዳቸው በፊት አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅናቸው። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልማር?" ለሚል ሰው ምን ይሉታል?

"መጀመሪያ ስንት ዓመት እንደቀረው ይቁጠር" አሉ። "ከዚያ ለሚስቱ ይንገራት። ለዕድሩ ቆይቶም ይደርሳል።"

ቸር ይግጠመን።